ጎማው ያጋለጠኝ ክረምት

ባለፈው ቅዳሜ የልጄን ሞተር ሳይክል እየገፋሁ፣ የኋላ ጎማውን ለማስቀየር ደብረ ታቦር መናኸሪያ አጠገብ ወዳለ ጎሚስታ ሄጄ ነበር። ልጄ ሰላም ከአረብ አገር ከተመለሰች ሦስተኛ ዓመቷ ነው። እንደመጣች ሞተር ገዛች። አሁን በየቀበሌው እየዞረች ወተት ትሰበስብና ለከተማው ካፌዎች ታደርሳለች። እናቷ ሞተሩን ባየች ቁጥር ታማትባለች። እኔ አላማትብም፤ ግን ወጥታ እስክትመለስ ድረስ ቢሮ ተቀምጬም ቢሆን ጆሮዬ መንገድ ላይ ነው።

ጎሚስታው ወጣት ነው። ጎማውን አውልቆ መሬት ላይ ጣለውና በመዳፉ ዳበስ ዳበስ አደረገው።

«አባባ፣ ይህን ሞተር የሚነዳው ማን ነው?» አለኝ።

«ልጄ ናት።»

«ሴት?» ቀና ብሎ አየኝ። «እንግዲያው ደህና ነጂ ናት። ከዳር እስከ ዳር እኩል ነው የበላችው። ሌላው ሰው መሐሉን ብቻ ልጦ ነው የሚያመጣልኝ።»

ጎማውን ተቀብዬ ጠርዙን በአውራ ጣቴ ነካሁት። ለስልሷል። ደስ አለኝ፣ ወዲያውም ፈራሁ። ጠርዝ እንዲህ የሚለሰልሰው ሞተሩ ኩርባ ላይ ወደ ጎን ሲያዘነብል ነው። አዲሱ ጎማ እስኪገጠም ድረስ እዚያው ድንጋይ ላይ ተቀምጬ፣ ከሠላሳ ዓመት በፊት ያሳለፍኩትን አንድ ክረምት ሳስታውስ ቆየሁ።

ሃያ አምስት ዓመቴ ነበር። ያደግሁት ሐሙሲት፣ ሜዳ አገር ነው። ከብት የማዳቀል ሥልጠና እንደጨረስኩ ደብረ ታቦር ተመደብኩ። ሥራው እንዲህ ነው፤ የገበሬው ላም ደራች፣ ማለትም ኮርማ ፈለገች ሲሉኝ፣ የተሻለ ዝርያ ካለው ኮርማ የተወሰደ ዘር በቀዝቃዛ ዕቃ ይዤ እሄዳለሁ። ዕቃው የወተት ማመላለሻ ይመስላል። ክዳኑ ሲከፈት ጭስ የመሰለ ብርድ ይተፋል። ገበሬዎቹ «ኮርማውን ጣሳ ውስጥ አስገብቶት መጣ» እያሉ ይስቁብኝ ነበር። ሥራው ቢያስቅም ጊዜ አይሰጥም። ላም ማታ ከደራች በማግስቱ ጠዋት መድረስ አለብኝ፤ ጠዋት ከደራች ከሰዓት በኋላ። ካለፈ ሌላ ሃያ አንድ ቀን መጠበቅ ነው።

ለዚህ ሥራ አንዲት ቀይ ሞተር ሰጡኝ። ነጂነቴን የተማርኩት ሐሙሲት ሜዳ ላይ፣ ሙሉ ቀን ቀጥ ብለህ ብትሄድ እንኳ ምንም በማያጋጥምህ ቦታ ነበር። ደብረ ታቦር ግን ሌላ አገር ነው። ከከተማው ወደ እብናት በሚወስደው ጠጠር መንገድ ላይ፣ ሰዎች ዝንጀሮ መውረጃ የሚሉት አንድ ኩርባ አለ። መንገዱ ቁልቁል ይወርድና ድንገት ወደ ግራ ይጠመዘዛል። በቀኝ በኩል ገደል ነው፤ ከታች የወንዝ ድምፅ ይሰማል እንጂ ወንዙ አይታይም።

በተመደብኩ በመጀመሪያው ወር እዚያ ኩርባ መሐል አንድ የጭነት መኪና ከፊቴ ብቅ አለ። ደነገጥኩ። ፍሬኑን በሙሉ ኃይሌ ረገጥኩት። የኋላው ጎማ ተንሸራተተ፣ እኔም ከነሞተሩ ተዘርሬ ገደሉ አፋፍ ላይ ቀረሁ። ቀዝቃዛው ዕቃ ተንከባሎ አንድ አጋም ሥር ሄዶ ቆመ። ሾፌሩ ወርዶ አነሣኝ፣ አቧራዬን አራገፈልኝና መንገዱን ቀጠለ። ጉልበቴ በሁለት ሳምንት ዳነ። ፍርሃቱ ግን ውስጤ ቀረ።

ከዚያ ወዲያ ሜዳው ላይ እንደማንም እነዳለሁ፤ ኩርባ ሲመጣ ግን ሰውነቴ እንጨት ይሆናል። ሞተሩን ዘንበል ማድረግ ማለት መውደቅ ይመስለኛል። ስለዚህ ትንንሾቹን ኩርባዎች በእግሬ መሬት እየጠበጠብኩ እንደ ሕፃን አልፋቸዋለሁ። ዝንጀሮ መውረጃ ስደርስ ደግሞ፣ ማፈሬን አልደብቅም፣ ከሞተሩ ላይ እወርድ ነበር። አጥፍቼ እገፋዋለሁ። ሰው ካለ እንዳያየኝ ድንጋይ ላይ ተቀምጬ የጫማዬን ክር እየፈታሁ እያሰርኩ መንገደኛው እስኪያልፍ እጠብቃለሁ። የገበያ ቀን ከሆነ ከእህል ጫኝ አህዮችና ከባለቤቶቻቸው ብዛት የተነሣ መጠበቁ ማለቂያ የለውም።

ከኩርባው ማዶ እትዬ እናኑ የሚባሉ ባላቸው የሞቱባቸው ሴት ይኖሩ ነበር። ቀጭን፣ ረጅም፣ ንግግራቸው ቁጥብ ነው። ያላቸው አንዲት ላም ናት፤ ቡሬ ይሏታል። በዚያ ሰሞን አንድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ፣ የቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ጥድ ሥር ሕዝቡን ሰብስቤ ስለ ሥራዬ አስተምሬ ነበር። ላሞቻችሁን ከአገሩ ኮርማ አርቁ፣ እሰሯቸው፣ ሲደሩ ላኩብኝ አልኩ። ወንዶቹ እየሳቁ ይጠያየቃሉ። እትዬ እናኑ ግን ከኋላ ተነሥተው አንድ ነገር ብቻ ጠየቁኝ።

«ልጄ፣ እኛ አስረን አንተ ሳትደርስ ብትቀርስ?»

«እደርሳለሁ እትዬ» አልኳቸው፣ በሙሉ አፌ።

ሐምሌ አጋማሽ ላይ ላኩብኝ። ቡሬ ማታ ደርታ ነበር። መልእክቱ ጠዋት በጭነት መኪና በመጣ ሰው ደረሰኝ፤ ወዲያው ተነሣሁ። ክረምቱ ከብዶ መንገዱ ጭቃ ሆኗል። እየጠበጠብኩ፣ እየቆምኩ፣ ኩርባው ላይ ደግሞ እየገፋሁ እደጃቸው ስደርስ ፀሐይ ወደ ምዕራብ ዞራለች። አዳቀልኳት። እንደዘገየሁ እያወቅሁ «ይያዛል» አልኳቸው። ቢሮ ሥራ በዝቶብኝ ነው ብዬም ዋሸሁ። እሳቸው ግን በቅል እርጎ ሰጥተው፣ ጠጥቼ እስክጨርስ አጠገቤ ቆመው ሸኙኝ።

ከሃያ አንድ ቀን በኋላ ቡሬ እንደገና ደራች። አልያዘም ነበር። የላኩብኝ በገበያ ቀን ነበር። ኩርባው ላይ ድንጋይ ላይ ተቀምጬ መንገደኛ ሳሳልፍ፣ የጫማዬን ክር ስንት ጊዜ እንደፈታሁ አላውቅም። ስደርስ ላሚቱ ተኝታ እያመሰኳች ነው። አጠገቧ የጎረቤት ላም ቆማለች፤ ዘወር ብላም አታያትም። አልፏታል።

ጾመ ፍልሰታ ስለነበር እትዬ እናኑ የተቀቀለ ድንች በሚጥሚጣ አቀረቡልኝ። ከላዩ እንፋሎት ይወጣል። አንዱን አንሥቼ ልልጥ ስል ከፊቴ ተቀመጡ።

«ዛሬስ ቢሮ ሥራ በዝቶ ነው?» አሉኝ።

ድንቹን መላጥ ጀመርኩ።

«ባቄላዬ ከኩርባው በላይ ነው» አሉ፤ ድምፃቸው አልተቆጣም። «አረሙን ሳርም መንገዱ ወለል ብሎ ይታየኛል። ባለፈው ስትገፋው አየሁ። ተበላሽቶብህ መስሎኝ አዘንኩልህ። ዛሬም ስትገፋው አየሁ። ከገፋህ በኋላ ግን አስነሥተህ ነድተኸው ሄድህ።»

ድንቹ እጄ ላይ ቀረ። ፊቴ እሳት ሆነ። መዋሸት አልቻልኩም፤ «እፈራለሁ» አልኳቸው። ይህን ቃል ለሰው ስናገር የመጀመሪያዬ ነበር።

የድንቹን ሳህን ወደ እኔ ገፋ አደረጉ። «የባሌ ወንድም ለመስቀል እንሽጣት ይላል» አሉ። «ባዶ ላም በጋውን በሙሉ በምን ጭድ ትቀልቢያለሽ ነው የሚለኝ። እውነቱን ነው። አንድ ጊዜ ደግሞ እጠብቅሃለሁ። ከዚያ በኋላ ግን ልጄ፣ አትቀየመኝ።»

በማግስቱ የኋላ ጎማዬ ተነፈሰና ጋሼ ካሳ ወደሚባሉ ጎሚስታ ወሰድኩት። ጋሼ ካሳ በወጣትነታቸው ብዙ ዓመት በሞተር መልእክት ያመላለሱ፣ አሁን አንድ እግራቸውን የሚያነክሱ ሰው ናቸው። ጎማውን ከፊታቸው አስቀመጡና መነጽራቸውን አደረጉ። መሐሉ እንደ መዳፍ ልሙጥ ሆኗል። ግራና ቀኙ ላይ ግን ከፋብሪካ ሲወጣ የነበሩት ቀጫጭን የጎማ ፀጉሮች ሳይቀር እንዳሉ ናቸው።

«አንተ ልጅ» አሉኝ፣ «ደብረ ታቦር ላይ ይህን ያህል ቀጥ ያለ መንገድ ከየት አገኘኸው?»

በዚያ ሰዓት ልስቅም ላለቅስም እችል ነበር። እሳቸው ጎማውን አዙረው አንድ የተላጠ ቦታ አሳዩኝ።

«እዚህ ደግሞ ኩርባ ውስጥ ከገባህ በኋላ ፍሬን ረግጠህ የያዝክበት ነው። ወድቀሃል አይደል?»

ሁሉንም ነገርኳቸው። የእትዬ እናኑንም፣ የቡሬንም። ሲሰሙኝ የውስጡን ጎማ እየጠገኑ ነበር። ሲጨርሱ «ይህን ጎማ አልመልስልህም። አዲስ ከመሥሪያ ቤትህ አስፈቅደህ አምጣ፤ ነገ ማለዳ የከብት ገበያው ሜዳ እንገናኝ» አሉኝ።

ማለዳ ሜዳው ላይ ከብትም ሰውም የለም። ጉና ተራራ ላይ ደመና ተኝቷል፤ ሣሩ በጤዛ ነጭ ሆኗል። ጋሼ ካሳ ጋቢያቸውን ተከናንበው መጡና ሁለት ትልልቅ ድንጋዮች አራርቀው አስቀመጡ። በሁለቱ መካከል እየተጠማዘዝኩ እንድዞር አዘዙኝ። አዲስ ጎማ ለጥቂት ቀን ያዳልጣል፤ ወዙ እስኪለቅ በዝግታ ብቻ አሉኝ። ዞርኩ። መጀመሪያ ድንጋዩን እያየሁ ድንጋዩ ላይ ወጣሁ።

«ምን እያየህ ነበር?»

«ድንጋዩን።»

«ያየኸው ጋ ደረስክ። ገደሉን ስታይ ወደ ገደሉ ትሄዳለህ። የምትወጣበትን እይ። ዓይንህ ከቀደመ ሞተሩ ይከተልሃል።»

ሁለተኛው ትምህርታቸው ፍሬን ነበር። ፍጥነትህን ከኩርባው በፊት ጨርስ፣ ከገባህ በኋላ እጅህንም እግርህንም ሰብስብ ይላሉ። ሦስተኛው ግን ለእኔ ከባዱ ነበር፤ ማዘንበል። ጠጠር መንገድ ላይ አንተ ቀጥ ብለህ ሞተሩን ብቻ ከሥርህ ወደ ጎን ግፋው አሉኝ። መሪውን አንቄ ስይዝ ያያሉና ከሜዳው ዳር ሆነው ይጮኻሉ፦ «የያዝከው ዶሮ ነው እንጂ ጅብ አይደለም! ላላ በል!»

ለሁለት ሳምንት ያህል ሥራ ከመግባቴ በፊት በየማለዳው ሄድኩ። ከሜዳው ቀጥሎ ወደ ጠጠሩ መንገድ ወሰዱኝ። ዙሩ ሲያልቅ ጎንበስ ብለው የጎማውን ጠርዝ ያያሉ። ፀጉሮቹ ከመሐል ጀምሮ ወደ ዳር እየተቆረጡ መሄዳቸውን በጣታቸው ያሳዩኛል። «ዛሬ እዚህ ደረስክ። ነገ እስከዚህ። ከዚያ በላይ አልጠየቅሁህም።» እንደዚያ በጣት ልክ እየተለካ የሚያድግ ነገር መሆኑ ነው የረዳኝ። አንድ ጊዜ ደፋር ሁን ቢሉኝ ኖሮ እንቢ እል ነበር።

በስምንተኛው ይሁን በዘጠነኛው ቀን ግን ልቤ አበጠ። ሰዎች ቆመው ያዩኝ ነበር። ከተፈቀደልኝ በላይ አዘንብዬ ገባሁና፣ በሬ ያለፈበት እርጥብ ጭቃ ላይ ጎማው ከሥሬ ሸሸ። ሱሪዬ ጉልበቴ ላይ ተቀደደ። አንዲት ሴት «ወይኔ ልጄን!» ስትል ሰማሁ። ጋሼ ካሳ እያነከሱ መጡ፤ አላነሡኝም፣ ከጎኔ ቆሙ እንጂ።

«ምን ተሰማህ?»

«ምንም። ጉልበቴን ትንሽ።»

«እንግዲህ መውደቅ ይህ ነው» አሉኝ። «አሁን ልኩን አውቀኸዋል። መንገዱንም አብረህ አንብብ፤ ጭቃ ካለ ልክህ ያንሳል። ተነሣ፣ እንደገና።»

ተነሣሁ። ያን ጊዜ በጣም የገረመኝ ወድቄም ቢሆን አለመፍራቴ ነው። ወራት ሙሉ የፈራሁት ነገር ደርሶብኝ አለፈ፣ መጠኑም ይህን ያህል ብቻ ነበር።

ነሐሴ ሊያልቅ ሲል የእትዬ እናኑ መልእክት መጣ። ቡሬ ማታውኑ ደርታለች። ማለዳ ካፊያ ነበር። ዕቃውን ከኋላ ሁለት ጊዜ አሰርኩት።  መንገዱ ዳር ገብሱ አሽቷል፣ ቆላው በኩል ሰማዩ መገለጥ ጀምሯል። ትንንሾቹን ኩርባዎች አንድ በአንድ አለፍኳቸው፣ እግሬን አንድ ጊዜም መሬት ሳላስነካ።

ዝንጀሮ መውረጃ ላይ ከመድረሴ በፊት ማርሽ ቀነስኩ፣ ፍጥነቴን ጨረስኩ። ገደሉ በቀኜ እንዳለ አውቃለሁ፤ አላየሁትም። ዓይኔን ኩርባው ወደሚያልቅበት፣ አንዲት ግራር ወዳለችበት ወረወርኩ። ሞተሩን ከሥሬ ገፋሁት፣ ተኛልኝ። መሐል ላይ ስሆን የጭነት መኪና ድምፅ ሰማሁ። እግሬ ፍሬኑን ሊረግጥ ተነሣ። መለስኩት። መኪናው እየተንጓጓ ሲመጣ መስመሬን ይዤ ግራሯን እያየሁ ቀጠልኩ፤ ጭቃውን ፊቴ ላይ ረጭቶብኝ አለፈኝ። ሞተሩ ቀና አለ። ወጣሁ።

ከመንገዱ በላይ ባቄላው መሐል እትዬ እናኑ እጃቸውን ግንባራቸው ላይ አድርገው ቆመው ነበር። እልልም አላሉም፣ እጃቸውንም አላወዛወዙም። ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አጠበቁና ላሚቱን ሊይዙልኝ በአቋራጩ ወደ ቤታቸው ሮጡ። እኒያ ዝምተኛ ሴት ያን ቁልቁለት እንደ ልጃገረድ ሲወርዱት ሳይ ነው እንባዬ የመጣው።

በሰዓቱ ነበር የደረስኩት። ሥራዬን ጨርሼ እጄን ስታጠብ ውኃ እያፈሰሱልኝ «ፍርሃትህ ወዴት ሄደ?» አሉኝ።

«አልሄደም እትዬ፤ አብሮኝ ነው የመጣው» አልኳቸው።

«እሱስ ይምጣ» አሉ፣ «አንተን ካላስቀረህ።»

ቡሬ ለመስቀል አልተሸጠችም። ግንቦት ሲያልቅ ወለደች። ላኩብኝና ሄጄ እንገር በላሁ፤ ከመጀመሪያው ወተት የተፈላ፣ እንደ አይብ የረጋ፣ ሙቁ ገና ያልወጣለት። ጥጃው ግን ወንድ ነበር። ያን ሁሉ ደክመን ወተት የምትሰጥ ጥጃ ሳይሆን ወይፈን! አፍሬ ቆምኩ። እትዬ እናኑ ግን ሳቃቸውን መቆጣጠር አልቻሉም። «ባዶ እጅ ከመቅረት ይሻላል፤ የሚቀጥለው ዓመት ደግሞ ሴት ታመጣለህ» አሉኝ። በሚቀጥለው ዓመት ሴት ወለደች። ከዚያ በኋላ አምስት ዓመት በዚያ መንገድ ተመላለስኩ። ኋላ ወደ ቢሮ ሥራ ስዛወር ሞተሩን አስረከብኩ፤ ከዚያ ወዲህ ነድቼ አላውቅም። እትዬ እናኑም ጋሼ ካሳም ዛሬ በሕይወት የሉም።

ጎሚስታው አዲሱን ጎማ ገጥሞ ሲጨርስ ሰላም ወተቷን በባጃጅ አድርሳ መጣች።

«አባዬ፣ ና ውጣ፤ ቤት ላድርስህ» አለችኝ።

በሕይወቴ ከሰው ኋላ በሞተር ተፈናጥጬ አላውቅም። ለሽማግሌ የሚሆን ነገር አይደለም ልል አሰብኩና የጎሚስታውን ፈገግታ አይቼ ወጣሁ። «ጎማው አዲስ ነው፣ ታውቂያለሽ አይደል?» አልኳት። «አውቃለሁ አባዬ፤ በዝግታ ነው የምሄደው» አለች። በዝግታ ነው የሄደችው። ሆኖም ከመናኸሪያው ቁልቁል ስንወርድ መንገዱ ወደ ቀኝ ሲዞር እሷ ወደ ቀኝ አዘነበለች፣ እኔ ደግሞ ሳላስበው ሰውነቴን ወደ ግራ ጎተትኩ። ሞተሩ ተንገዳገደ። ሰላም ዳር ይዛ አቆመች።

«አባዬ፣ አንተ ወደዚያ ስትጎትት ሞተሩ እንቢ ይለኛል።» ዘወር ብላ አየችኝ፤ አልተቆጣችም። «ምንም አታድርግ። ዝም ብለህ አብረኸኝ ና።»

ራስን ማመን ተምሬያለሁ። ጊዜ ቢወስድም፣ ሱሪ ቢያስቀድድም ተምሬዋለሁ። በሰው እጅ ላይ፣ ያውም በእጄ ባሳደግኋት ልጅ እጅ ላይ ሆኖ መታጠፍ ግን ሌላ ትምህርት ነው፤ ለካ ገና አልጀመርኩትም ነበር። ከአገር ስትወጣም ስትመለስም፣ ሞተር ስትገዛም፣ ውስጤ ወደ ሌላ ጎን ሲጎትታት እንደኖረ ያን ሰዓት ነው ያስተዋልኩት። እሷ ግን ያንን ሁሉ ኩርባ ከእኔ ጉተታ ጋር ነው ያለፈችው።

በሚቀጥለው መታጠፊያ እጄን ትከሻዋ ላይ አላላሁና፣ በትከሻዋ በላይ እሷ የምታየውን መንገድ እያየሁ፣ አብሬያት ዘንበል አልኩ።